ለተሰነጠቀ አግዳሚ ወንበር የትኛው ቫርኒሽ ይሻላል?

ባለአግዳሚው (ፊላደልፊያ) | እሑድ ማለዳ

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ እንጨት የምታውቁ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው።

አራት ዓመት የተንከባከብኋቸው አንዲት አሜሪካዊት አዛውንት ከፋሲካ በፊት ዐረፉ። ልጆቻቸው ቤቱን ለመሸጥ ዕቃ ሲያወጡ «ጋራዡ ውስጥ ካለው ደስ ያለህን ውሰድ» አሉኝና አንድ አግዳሚ ወንበር በጓደኛዬ መኪና ጭኜ መጣሁ። የቀለም ጣሳና የአትክልት ውኃ ማጠጫ ቱቦ ተከምሮበት ነበር የቆየው።

ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ያልፋል። መቀመጫው አንድ ወጥ ወፍራም ጣውላ ነው። በስተኋላ ቀጫጭን ዘንጎች ተደርድረው መደገፊያ ሆነዋል፤ ግን መደገፊያው እስከ ጫፍ አይደርስም፣ አንዱ ጎን ባዶ ነው፤ ሠሪው የሰለቸው ይመስላል። የፊቱ ጠርዝ በመጋዝ አልተስተካከለም፤ ዛፉ እንደበቀለ ወጣ ገባ እያለ ይሄዳል። አንድ ጫፉ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ለመጠገን ይመስለኛል፣ አንድ ሰው ፓፒዮን የሚመስሉ ሁለት ቁራጭ እንጨቶች ቀብሮበታል። ከሥሩ ደግሞ በጥቁር ቀለም የሰው ስም ተጽፎበታል፤ የሟቿ የቤተሰብ ስም አይደለም።

ያሰብሁት እንዲህ ነው። ወጣ ገባ የሚለው ጠርዝ ስናልፍ ጉልበታችንን ስለሚመታን ቀጥ አድርጌ ላስቆርጠው፤ ስንጥቁን በማጣበቂያ ልሙላው፤ ስሙን በብርጭቆ ወረቀት ልፋቀው፤ ከዚያ ቫርኒሽ። ትናንት በአንዱ ጫፍ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ፈግፍጌ ሞክሬዋለሁ፤ ነጣ ያለ ቆንጆ እንጨት ወጣ። የሚያብረቀርቀው ቫርኒሽ ይሻላል ወይስ የማያብረቀርቀው?

አናጺው ከጉለሌ (አዲስ አበባ) | እሑድ ከሰዓት

ልጄ፣ ስለ ቫርኒሹ ኋላ እናወራለን። በመጀመሪያ መጋዙ ይቆይ።

ፓፒዮን ያልኸው ነገር ከጊዜ በኋላ የመጣ ጥገና አይመስለኝም። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ብዙም አይቀንስም፤ በወርዱ ነው የሚኮማተረው፤ ስለዚህ ስንጥቅ ከጫፍ ይነሣና ወደ መሐል ይሮጣል። ጫፎቹ ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን የሆነ ቁራጭ ስንጥቁን አቋርጦ ሲገባ ስንጥቁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መከፈት ያቅተዋል። ሙጫ ሳይሆን ቅርጹ ራሱ ነው የሚይዘው። እኔ አንድ ጊዜ በዋንዛ ጠረጴዛ ላይ ሠርቼው አንዱን ቁራጭ ለመግጠም ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። መሮው ትንሽ ከደነዘ የጉድጓዱ አፍ ይቀደዳል፣ ቀዳዳው ከሰፋ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያሳጣሃል። ርካሽ ሥራ የሚሠራ ሰው ስንጥቅ ያለበትን ጫፍ ቆርጦ ይጥላል እንጂ ይህን ሁሉ አይለፋም።

እስቲ ገልብጠው። ቁራጮቹ ከጣውላው ጋር በተገናኙበት መስመር ፀጉር ይገባል? ምስማር አለ? ዘንጎቹ ከመቀመጫው ጋር አንድ ዓይነት እንጨት ናቸው?

ወይዘሮ ዋንዛ (ሜሪላንድ) | እሑድ ምሽት

ወንድሜ፣ እባክህ እጅህን አንሣ! ብርጭቆ ወረቀቱን ጣለው፤ ቫርኒሹንም ካልከፈትኸው መልስ። ስሙን ደግሞ በጥፍርህ እንኳን እንዳትነካው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ዘመናዊ የቤት ዕቃና በግለሰብ ወርክሾፕ የተሠራ የእንጨት ሥራ በሚሸጥ ጋለሪ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ዕቃ ሲገባ መመዝገብና ፎቶ ማንሣት ነበር ሥራዬ። የገለጽኸው ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ልንገርህ፤ «ሊሆን» ነው ያልሁት።

ፊላደልፊያ ነህ። ከአንተ ወደ ሰሜን፣ ደላዌር ወንዝ ዳር፣ ኒው ሆፕ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ታዋቂው የእንጨት ዕቃ ሠሪ ጆርጅ ናካሺማ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ የሠራው እዚያ ነው። በ1905 ዋሺንግተን ግዛት ውስጥ ስፖኬን ከተማ የተወለደ፣ ወላጆቹ ከጃፓን የመጡ፣ ኤም አይ ቲ አርክቴክቸር የተማረ ሰው ነው። ቶኪዮ ውስጥ በአርክቴክቱ በአንቶኒን ሬይሞንድ ቢሮ ሠርቷል፤ ሕንድ ፖንዲቼሪ ለሽሪ ኦሮቢንዶ ገዳም የተሠራውን ሕንፃ ግንባታ የተከታተለው እሱ ነው። በ1942 ግን አሜሪካ የጃፓን ዘር ያላቸውን የራሷን ዜጎች ስታስር እሱም ከባለቤቱና ከጨቅላ ልጁ ጋር አይዳሆ በረሃ ውስጥ ሚኒዶካ በሚባል ካምፕ ታጠረበት።

ሙያውን ያዳበረው እዚያ እስር ቤት ነው። ጌንታሮ ሂኮጋዋ የሚባል በጃፓን ባህላዊ አናጺነት የሠለጠነ ሰው አብሮት ታስሮ ነበር። ከግንባታ የተራረፈ እንጨትና የበረሃ ቁጥቋጦ እየለቀሙ የካምፑን ክፍሎች ሰው የሚኖርባቸው ለማስመሰል ሠሩ። አርክቴክቱ የሂኮጋዋ ረዳት ሆኖ መሮ መሳል ተማረ። በ1943 ያ የቶኪዮ አለቃው ሬይሞንድ ዋስ ሆኖ ወደ ኒው ሆፕ እርሻው አመጣው፤ በዚያው ቀረ።

አሁን ወደ አንተ ወንበር። ደንበኛ ኒው ሆፕ ይሄዳል፣ ከተከመረው ጣውላ መካከል ቆሞ ይመርጣል፣ ናካሺማ ንድፉን ይሥልለታል፣ ጣውላው ላይ የደንበኛው ስም በቀለም ይጻፋል። ፊርማ ማኖር ያዘወተረው በዕድሜው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት በወጡት ብዙ ሥራዎች ላይ የምታገኘው የገዢውን ስም ነው። ልትፍቀው ያሰብኸው ጽሑፍ የወንበሩ የልደት ምስክር ወረቀት ሊሆን ይችላል ማለቴ ነው። መደገፊያው እስከ ጫፍ አለመድረሱም ስልቹነት አይደለም፤ ይህን የመሰለ አግዳሚ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሠርቷል።

ካላየሁ አላምንም (አትላንታ) | እሑድ ምሽት

ጠርዙ ያልተቆረጠ ጠረጴዛ የሌለበት ቡና ቤት ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አለ? ስንጥቅ ባየ ቁጥር ፓፒዮን የሚቀብር አናጺ በየመንደሩ ሞልቷል። ወንድማችን በዚህ ተስፋ ሥራ ፈትቶ ጋለሪ ለጋለሪ ሲዞር ከሚውል ቫርኒሹን ቀብቶ ይቀመጥበት። አግዳሚ የተሠራው ለመቀመጫ ነው።

ወይዘሮ ዋንዛ | ሰኞ

«ካላየሁ አላምንም» ያለው እውነት ነው፤ አስመሳዩ ከዋናው ይበዛል። ስለዚህ ከላይ ማየት አይጠቅምም፤ ጋለሪ ውስጥ ሁልጊዜ የምንጀምረው ከሥር ነው። አስመሳይ ሠሪ ልፋቱን ሁሉ ለሚታየው ፊት ይሰጣል፤ ሆዱን ሲገለብጡት ፋብሪካ የላጠው አዲስ ጣውላና የሚያብለጨልጭ ብሎን ታገኛለህ።

ጋሼ የጠየቁትን መልስልን። እኔ የምጨምረው፦ መቀመጫው ጠቆር ያለ ቡናማ ዋልነት፣ ዘንጎቹ ደግሞ ነጣ ያሉ ሂኮሪ ከሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ሂኮሪ የመጥረቢያ እጀታ የሚሠራበት እንጨት ነው፤ ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም፤ ለቀጭን መደገፊያ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ወርክሾፑ ዛሬም አለ፤ ከእሱ በኋላ ልጁ ሚራ ተረክባዋለች። የድሮ የትዕዛዝ ካርዶችና ንድፎች ተቀምጠዋል። ስሙንና ፎቶውን ላክላቸው።

ባለአግዳሚው | ሰኞ ማታ

ገልብጬ አየሁት። ፀጉር አይገባም ጋሼ። ምስማር የለም። ዘንጎቹ ከመቀመጫው ይነጣሉ። ባለቤቴ «ልጆቹ ከላይ ወተት ሲያፈሱ አንድ ቀን ያልተቆጣህ ሰውዬ ዛሬ ለምን በባዶ እግር እንድንራመድ ታዛለህ?» እያለች ትስቅብኛለች።

ያ የፈገፈግሁት ቦታ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ምን ያህል ነው ያበላሸሁት?

ወይዘሮ ዋንዛ | ሰኞ ማታ

ወዙን ነው የወሰድኸው። እንጨት እንደ ሰው ወዝ አለው፦ ዘይቱ፣ የተቀመጠበት ሰው ልብስ፣ የእጅ ላብ፣ የመስኮት ፀሐይ። ዋልነት ደግሞ ከብዙ እንጨት በተቃራኒ በዓመታት ብርሃን እየቀላ እየነጣ ነው የሚሄደው። ያንን ቀለም ከቆርቆሮ አትቀዳውም። ጋለሪዎች ሁለት አንድ ዓይነት ወንበር ቢቀርብላቸው ተፍቆ እንደ አዲስ ካበራው ይልቅ ያልተነካውን፣ ጭረት ያለበትን ያስበልጣሉ።

አናጺው ከጉለሌ | ማክሰኞ

እዚህ ላይ አልስማማም እህቴ። እኔ ሠላሳ ዓመት ስሠራ አንድም ደንበኛ «ወዙን እንዳትነካብኝ» ብሎኝ አያውቅም። ቆሻሻ ቆሻሻ ነው። ይህ ወዝ የምትሉት ነገር ዕቃው ቤት ውስጥ መገልገሉን ትቶ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ የሚመጣ ፍቅር ነው። ሰውዬው ራሱ ቢኖር ኖሮ የራሱን ሥራ መልሶ ልጎ ዘይት አይቀባውም ነበር?

ወይዘሮ ዋንዛ | ማክሰኞ

ይቀባው ይሆናል ጋሼ፤ እጁ የእሱ ነዋ። የወንድማችን እጅ ግን የእሱ አይደለም። ደግሞ ናካሺማ በዕቃ ላይ የሚያርፈውን ጭረትና እድፍ አይጠላም ነበር፤ በወንድ ልጁ በኬቪን ስም «ኬቪን ማድረግ» ይለው ነበር። የጠላው ቫርኒሽ እንደ ብርጭቆ የተኛበትን እንጨት ነው።

ስለ ሠሪና ስለ ሥራ ከተነሣ፣ አንድ ቀን ፊላደልፊያ ከመጡ ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ ያለውን የእንጨት ቀራጩን የዋርተን ኤሸሪክን ቤት ሳያዩ እንዳይመለሱ። ከ1926 ጀምሮ በገዛ እጁ ሲገነባው የኖረ ቤት ነው፤ በ1970 ዐርፎ ከሁለት ዓመት በኋላ ሙዚየም ሆነ። በ1930 የሠራው ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፤ ግንዱ ተጣምሞ ሲወጣ ደረጃዎቹ እንደ ቅርንጫፍ የሚበቅሉበት። በ1938 ደግሞ ለአንድ ትንሽ ቴአትር ቤት ወንበር ሲሠራ እግሩንም መደገፊያውንም ከመዶሻ እጀታ ገጣጠመው። ከእነዚያ ወንበሮች አንዳንዶቹ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ (ስቶክሆልም) | ማክሰኞ

ከዚህ ጎን ደግሞ ልጨምር። እኛ ዘንድ ጉዳዩ ቀለል ይላል፤ ብዙ የዴንማርክ ወንበሮች ከሥራቸው በግለት የታተመ ማኅተም ወይም ትንሽ ብረት አላቸው። ሐንስ ዌግነር በ1949 የነደፈው ክብ ወንበር፣ ኬኔዲና ኒክሰን በ1960 በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ከኋላቸው የነበረው፣ መጀመሪያ በዮሐንስ ሐንሰን ወርክሾፕ ነበር የሚሠራው፤ ኋላ ፒፒ ሞብለር ተረከበው። ስለዚህ ማኅተሙን አንብበህ ዘመኑን ትገምታለህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፦ የእንጨቱን ዓይነት ሳታውቅ ድንበር አታሻግር። የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ነው። ጓደኛዬ ለእናቷ ወደ አዲስ አበባ ልትልከው የገዛችው ትንሽ ጠረጴዛ ሮዝውድ ሆኖ ተገኘና ወረቀቱ እስኪሟላ ብላ ስትጠብቅ እነሆ እኔ ቤት ቴሌቪዥን ተቀምጦበታል። ዋልነት ይህ ጣጣ የለበትም።

የቁራሌ ዘመድ (አዲስ አበባ) | ማክሰኞ

ይህን ሳነብ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ከጅማ የመጣ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለሦስት እግር ዱካ ነበራት። መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ፣ ከመቀመጥ ብዛት እንደ ቀንድ ያበራ። ሙጫ የለ፣ መገጣጠሚያ የለ። «ቁራሌ!» እያለ ለሚዞረው ልጅ ለሁለት የፕላስቲክ ሳህን ለወጠችው። እንዲህ ያሉት ዱካዎች ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ ጋለሪ ውስጥ በነጭ መደብ ላይ ተቀምጠው አያለሁ፤ ከሥራቸው የሠሪው ስም የለም፣ «ኢትዮጵያ» ብቻ ነው የሚለው። ናካሺማ ካርድ ያስቀመጠለት ደንበኛ ታድሏል።

ለነገሩ እኛም ዘንድ የዚያ ዘመን ዕቃ አለ። አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ተጠግኖ በ2024 ሲከፈት የአፈወርቅ ተክሌ መስታወት ብቻ አይደለም የተጸዳው፤ የድሮው የቤት ዕቃም ታድሷል። መሥሪያ ቤቶቻችን ግቢ ጥግ ላይ ዝናብ የሚመታው ስንት የዚያ ዘመን ወንበር እንዳለ ግን አስቡት።

ባለአግዳሚው | ረቡዕ

አንድ ሌላ ነገር ልጠይቅ። እውነት ሆኖ ከተገኘ ለልጆቻቸው መንገር አለብኝ? የሰጡኝ ዕቃውን ሳያውቁት ይመስለኛል።

ካላየሁ አላምንም | ረቡዕ

ሰጡህ፣ ወሰድህ። አራት ዓመት እናታቸውን ያጠብህ አንተ ነህ።

አናጺው ከጉለሌ | ረቡዕ

ንገራቸው ልጄ። ሳትነግራቸው ሸጠህ ብትበላ ያች አግዳሚ ከቤትህ ወጥታም ታስቀምጥሃለች ብለህ እንዳታስብ።

ወይዘሮ ዋንዛ | ረቡዕ

ንግዱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ደኅና ጋለሪ መጀመሪያ የሚጠይቅህ «ከማን አገኘኸው?» ብሎ ነው። ወራሾቹ «ሰጥተነዋል» ብለው አንድ መስመር ቢጽፉልህ ወንበሩ ከእጅ ወደ እጅ የሄደበት ታሪክ ይሟላል፤ ዋጋውም በዚያ ላይ ነው የሚቆመው።

ስለ ሽያጩ፦ ጋለሪው ወይ ገንዘብ ከፍሎ ይገዛዋል፤ ያኔ ዝቅ ያለ ዋጋ ነው፣ ምክንያቱም ዕቃው ዓመት ቢቆምበት ኪሳራው የእሱ ነው። ወይ በአደራ ይወስደውና ሲሸጥ ድርሻውን ይቆርጣል፤ ይህ የተሻለ ያስገኛል ግን ትጠብቃለህ። ሐራጅ ቤት ደግሞ ከሻጭም ከገዢም ይቆርጣል። ከኒው ሆፕ ወንዙን ተሻግረህ ላምበርትቪል ያለው ራጎ ይህን ዓይነት ዕቃ አዘውትሮ ያጫርታል። አንድ ሰው ብቻ ጠይቀህ አትሽጥ። በአደራ ከሰጠህ ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል፣ እነሱ ጋ እያለ ቢቃጠል ወይም ቢሰበር ኢንሹራንሱ የማን እንደሆነ፣ ሳይጠይቁህ ዋጋ መቀነስ ይችሉ እንደሆነ በጽሑፍ ያዝ። በቃል ተስማምተው ያለቀሱ አይቻለሁ።

ባለአግዳሚው | ከሦስት ሳምንት በኋላ

ይቅርታ ጠፋሁ። ብዙ ነገር ሆነ።

ከተማችን ውስጥ ያለ ጋለሪ ወሰድሁት። ሁለት ሰዎች ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው ገለበጡት፤ ፊቱን ለማየት እንኳን አልቸኮሉም። በእጅ ባትሪ ከጎን እያበሩ ሆዱን አዩት፣ ስሙን አነበቡት፣ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ቀና አድርገው ፊቱን ሲያዩ ሽማግሌው የፈገፈግሁትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰው። ምንም አላለም። ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ። በመጨረሻ «ስንት ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ነው?» አለኝ። ስነግረው «ደግነቱ ደክሞሃል» አለ። ዘይቱን መመለስ እንደሚቻል፣ ቀለሙ ግን ዓመታት እንደሚፈልግ፣ የሠራው ወርክሾፕ ሳያየው ማንም እንዳይነካው ነገረኝ።

ለኒው ሆፕ ፎቶውን ልኬ ነበር። በዚያ ስም ካርድ ተገኘ። 1964፣ አንድ አግዳሚ፣ ከትንሽ የእርሳስ ንድፍ ጋር። መደገፊያው እንደኔው ወንበር በአንዱ በኩል ሳይደርስ ይቆማል።

ለሴት ልጃቸው ደወልሁ። ስሙን ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። የእናቷ የመጀመሪያ ባል ስም ነው። እናቷ ሁለት ጊዜ ማግባታቸውን ያውቁ ነበር፤ ወንበሩ ከማን ጋር እንደመጣ ግን አያውቁም። «አባቴ ለምን ጋራዥ እንዳስገባው አሁን ገባኝ» አለች። እሷ እስክትወለድ ሳሎን ነበር አሉ፤ ከዚያ የቀለም ጣሳ ማስቀመጫ ሆነ። እትዬ ግን በሄድሁ ቁጥር ከጋራዡ አንድ ነገር እንዳመጣላቸው ይልኩኝና በሩን ክፍት እንድተወው ይነግሩኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ መጥታ ተቀመጠችበት። ቡና አፈላንላት። ጋለሪው የሰጠኝን ሁለቱንም ዋጋ አሳየኋት፤ እዚህ አልጽፈውም፤ «ካላየሁ አላምንም» ያምን ነበር ብዬ ብቻ ልለፈው። እሷ «ለአንተ ሰጥተናል፣ እጽፍልሃለሁ» ብላለች። ወንድሟ ግን ይሸጥና እንካፈል ይላል። እስኪስማሙ እኔ ጋ ይቆይ ተባባልን።

ካላየሁ አላምንም | በዚያው ቀን

አምኛለሁ። ቫርኒሹንስ ምን አደረግኸው?

ባለአግዳሚው | በዚያው ቀን

መለስሁት፣ ገንዘቤን ሰጡኝ። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ትንሹ ልጄ አሁን በዚህ ሰዓት ወተት አፍስሶበታል፤ ፓፒዮኑ አጠገብ። በምን ልጥረገው?

አናጺው ከጉለሌ | በዚያው ቀን

በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ የእንጨቱ መስመር በሄደበት አቅጣጫ፤ ሳትፈገፍግ። ክቡ ምልክት ቢቀር ተወው።

ወይዘሮ ዋንዛ | በዚያው ቀን

ልጁ ኬቪን አድርጎታል።